ጥቁር ቀርከሃን በግቢ ውስጥ ተክሎ ከተመደበለት ቦታ ሳያልፍ ማቆየት፦ ዝርዝር መመሪያ

ጥቁር ቀርከሃ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፊሎስታኪስ ኒግራ፣ መነሻው ቻይና ሲሆን ለግቢ ውበት ተብለው ከሚተከሉ የቀርከሃ ዝርያዎች መካከል በአገዳው ቀለም ተወዳዳሪ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዲስ የሚወጣው አገዳ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ቡናማ ነጠብጣብ ማውጣት ይጀምርና ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አንጸባራቂ ጥቁር ይሆናል። በመካከለኛ የአየር ጠባይ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሜትር ይረዝማል፤ ሲመቸው ደግሞ ከዚህም ሊያልፍ ይችላል። ቅጠሉ ትንሽና ስስ ስለሆነ ከጥቁሩ አገዳ ጋር ሲታይ ዓይን ይስባል። ይሁን እንጂ ተክሉ በመሬት ውስጥ እየተጓዘ ከሚስፋፉት የቀርከሃ ወገኖች አንዱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ሥራዎች መካከል ከባዶቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከመትከል በፊት የሚሠራው የመከለያ ሥራ ሲሆን ሁለተኛው በየዓመቱ ሳይታለፍ የሚደረገው የራይዞም፣ ማለትም የምድር ውስጥ ግንድ፣ ቁረጣ ነው። ሁለቱን ለመሥራት ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው በአንድ ቦታ ጉች ብሎ የሚያድግ የቀርከሃ ዝርያ ቢተክል ይሻለዋል።

ከመሬት በታች የሚሆነው

ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥር እያለ የሚጠራው ነገር በእርግጥ ሥር ሳይሆን በአግድም የሚጓዝ የምድር ውስጥ ግንድ ነው፤ ስሙም ራይዞም ይባላል። ከአፈር አውጥተው ቢመለከቱት እንደ አገዳው ሁሉ በአንጓ የተከፋፈለ፣ ክሬም የመሰለ ቀለም ያለው፣ ጫፉ የሾለና በጠንካራ ሽፋን የተጠቀለለ ሆኖ ያገኙታል። በእያንዳንዱ አንጓ ዙሪያ ቀጫጭን ሥሮች ይወጣሉ፤ በአንጓው ላይም አንድ ዓይን ይገኛል። ዓይኖቹ አንዱ በቀኝ፣ ቀጣዩ በግራ እየሆኑ ይሰለፋሉ። ከእነዚህ ዓይኖች አንዳንዶቹ ወደ ላይ በቅለው አገዳ ይሆናሉ፣ አንዳንዶቹ ሌላ ራይዞም ሆነው ይጓዛሉ፣ ብዙዎቹ ደግሞ ተኝተው ይቆያሉ። ከእናት ተክሉ ተቆርጦ አፈር ውስጥ የቀረ ቁራጭም ዓይን እስካለው ድረስ ራሱን ችሎ ሊበቅል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጊዜ አቆጣጠሩንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሥራው ሁሉ ወቅት የሚወሰነው በእርሱ ነው። ቅዝቃዜው አልፎ አፈሩ መሞቅ ሲጀምር ቀንበጦች ይወጣሉ። አንድ ቀንበጥ ሙሉ ቁመቱን የሚያገኘው በግምት በሁለት ወር ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ አገዳ አይረዝምም፣ አይወፍርምም። ተክሉ እየተለቀ የሚሄደው በየዓመቱ የሚወጡት አዳዲስ አገዳዎች ከቀዳሚዎቻቸው ስለሚበልጡ ነው። ቀንበጦቹ ቅጠል ካወጡ በኋላ ጉልበቱ ወደ መሬት ይዞራል፤ ራይዞሙ በብዛት የሚጓዘውም በሞቃታማው ወቅት ሁለተኛ አጋማሽና እስከ ቀጣዩ ቅዝቃዜ መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። አብዛኛው ራይዞም ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይገኛል።

ጥቁር ቀርከሃ በተለይ የሚያታልል ጠባይ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት፣ በቀዝቃዛ አካባቢ ደግሞ ከዚያም ለረዘመ ጊዜ፣ በተተከለበት ቦታ ረግቶ ይቆያል። ባለቤቱም ተክሉ እንደተነገረለት ተስፋፊ እንዳልሆነ ይደመድማል። በዚህ ጊዜ ግን ተክሉ ከመሬት በታች ስንቁን እያከማቸ ነው፤ መስፋፋት ሲጀምር በአንድ ወቅት ብቻ ከ1 ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል።

ቦታውን መምረጥ

ጥቁር ቀርከሃ በቀን ውስጥ ቢያንስ ለግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይስማማዋል። ከፊል ጥላን ይታገሳል፤ ሆኖም አገዳው በደንብ የሚጠቁረው በቂ ብርሃን ሲያገኝ ነው። አፈሩ እርጥበት የሚይዝ ነገር ግን ውሃ የማይቋጥር፣ የአሲድነት ልኬቱም (ፒኤች) ከ5.5 እስከ 7 አካባቢ የሆነ ቢሆን ይመረጣል። ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ቦታ ራይዞሙን ስለሚያበሰብሰው አይሆንም። ኃይለኛ ነፋስ ያለበት ቦታም ቅጠሉን ያደርቀዋል፣ ገና ያልጠነከረውን አገዳም ያጎብጠዋል። የተቋቋመ ተክል ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ቅዝቃዜን ይቋቋማል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሚዛን ሊደፋ የሚገባው ግን ዙሪያውን መዞር መቻሉ ነው። ተክሉ ከአጥር፣ ከግድግዳ ወይም ከንጣፍ ጋር ተጠግቶ ከተተከለ በዚያ በኩል ራይዞሙን ማየትም መቁረጥም አይቻልም። በሁሉም አቅጣጫ አንድ ሰው አካፋ ይዞ የሚቆምበት ያህል፣ ማለትም ከ60 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ስፋት ይተዉ። የጎረቤት ወሰን ቅርብ ከሆነ ጉዳዩ የሕግም ጭምር ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ የኮነቲከት ግዛት በ2013 በወጣ ሕግ መሠረት ተስፋፊ ቀርከሃ የተከለ ሰው ተክሉ ወደ ጎረቤት መሬት ተሻግሮ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ይሆናል። በኒውዮርክ ግዛት ደግሞ የጥቁር ቀርከሃ የቅርብ ዘመድ የሆነው ፊሎስታኪስ አውሪያ ከተከለከሉ ወራሪ ዕፅዋት ተርታ ተመድቧል። እርስዎ በሚኖሩበት አካባቢ ተመሳሳይ ደንብ መኖር አለመኖሩን ከመግዛትዎ በፊት ያጣሩ።

መከለያውን መሥራት

ለዚህ ሥራ የሚስማማው ቁስ ከፍተኛ ጥግግት ካለው ፖሊኢትሊን የተሠራ፣ ውፍረቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማያንስ፣ ስፋቱ ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ጥቅል ነው። ቀጭን የኩሬ ፕላስቲክ በሾለው የራይዞም ጫፍ ይበሳል። ቆርቆሮ ጊዜ ወስዶ ይዝጋል፤ ኮንክሪት ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ራይዞም ስንጥቅ ካገኘ ያልፋል። በዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ መሞከር በኋላ ከሚያስከትለው የቁፋሮ ድካም አንጻር አያዋጣም።

መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ርዝመት ያስሉ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር ለሆነ ክብ ቦታ ዙሪያው 9.4 ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ለመጋጠሚያው ተጨምሮ 10 ሜትር ጥቅል ይበቃል። ይህ ወደ 7 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይሰጣል፤ ተክሉ በደንብ እንዲያምር ከፈለጉ ከዚህ ብዙ ባያንስ ጥሩ ነው። ቅርጹ ክብ ወይም ሞላላ ይሁን። ስለታም ማዕዘን ያለው ከሆነ ራይዞሞች ማዕዘኑ ውስጥ ተጠራቅመው መጋጠሚያውን መግፋት ይጀምራሉ።

ከዚያ ዙሪያውን ጠባብ ቦይ ይቆፍሩ። የቦዩ ጥልቀት ከፕላስቲኩ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሰ መሆን አለበት፤ የተረፈው 5 ሴንቲ ሜትር ከመሬት በላይ ብቅ ብሎ ይቆያል። አንዳንድ ሰው ይህ የፕላስቲክ ጠርዝ ለዓይን አያምርም ብሎ ከአፈር በታች ይቀብረዋል፤ እንዲህ ከተደረገ መከለያው ሥራውን አይሠራም። ራይዞም ግድግዳ ሲያጋጥመው ዞሮ ወደ ላይ ይወጣና ጠርዙን ተሻግሮ ያልፋል፤ ጠርዙ ከመሬት በላይ ካልታየ ተሻግሮ ሲሄድ የሚያየው ሰው አይኖርም።

ፕላስቲኩን ሲያቆሙ የላይኛውን ጠርዝ ከተክሉ ወደ ውጭ ጥቂት ያዘንብሉት። ይህ ዝንባሌ የሚጋጨውን ራይዞም ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ እንዲዞር ያደርገዋል፤ ወደ ላይ የዞረ ራይዞም ይታያል፣ ወደ ታች የዞረው ግን ከመከለያው ሥር ሊሾልክ ይችላል። የፕላስቲኩ ሁለት ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ ከሁሉም የሚያሰጋው ነው። ጫፎቹን ደራርበው በሁለቱ መካከል በሁለት ወገን የሚያጣብቅ ጠንካራ ማጣበቂያ ያድርጉ፤ ከዚያም ከውስጥና ከውጭ ዝገት በማይዝ የብረት ሰሌዳ አጣብቀው በብሎን ያጥብቁት። ማጣበቂያ ብቻውን፣ ወይም ጫፎቹን ማደራረብ ብቻውን በቂ አይደለም።

አፈሩን ሲመልሱ ከመከለያው ታችኛው ግማሽ ጋር የሚነካካውን ክፍል በደንብ ጠቅጥቁት። ራይዞም ልል አፈርን ተከትሎ ስለሚሄድ ታችኛው አፈር ከጠነከረና የላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ልል ከሆነ ራይዞሙ ላይ ላዩን ይቆያል። ኮምፖስትም ቢሆን ከላይኛው ክፍል ጋር ብቻ ይደባለቅ እንጂ ወደ ጥልቁ አይግባ። የመከለያው ወለል ክፍት እንደሆነ ይተው፤ ውሃ መስረጊያ ያስፈልገዋል።

ስሙ መከለያ ቢሆንም ሥራው ራይዞሙን ማቆም ሳይሆን አቅጣጫውን አዙሮ ለዓይን ማጋለጥ ነው። መከለያ ቀብረው ከዚያ በኋላ የሚረሱት ሰዎች ጨርሶ መከለያ ካልሠሩት የሚሻሉት በጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

ፕላስቲክ ለመቅበር የማይፈልግ ሰው ክፍት ቦይ መጠቀም ይችላል። በተክሉ ዙሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፍሮ ባዶውን ይተዋል፣ ወይም በደረቅ ቅጠል ይሞላል። ራይዞሙ ቦዩን አቋርጦ ሲወጣ ስለሚታይ በመቀስ ይቆረጣል። በወጪም ሆነ በአሠራር ቀላል ነው፤ ነገር ግን በሞቃታማው ወቅት ቢያንስ ሁለትና ሦስት ጊዜ መፈተሽ ስላለበት ለዝንጉ ሰው አይመከርም።

በትልቅ ማስቀመጫ መትከልም አማራጭ ነው። ማስቀመጫው ከ60 ሊትር ያላነሰ፣ ከጥልቀቱ ይልቅ ወርዱ የሰፋ፣ አፉ ያልጠበበ ይሁን፤ አፉ ጠባብ ከሆነ ተክሉ ከሞላ በኋላ ማስቀመጫው ሳይሰበር ማውጣት አይቻልም። በቀጥታ አፈር ላይ ካስቀመጡት ራይዞሙ በውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ ወጥቶ መሬት ይይዛል፤ ስለዚህ ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በጡብ ላይ ይቀመጥ። በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ተክሉን አውጥቶ ከሥሩ ክምችት አንድ ሦስተኛ ያህል መቁረጥና አዲስ አፈር መጨመር ያስፈልጋል። በማስቀመጫ ያለ ተክል ሥሩ ለቅዝቃዜ ስለሚጋለጥ መሬት ላይ ከተተከለው ያነሰ ብርድ ነው የሚችለው።

ተክሉን መግዛትና መትከል

ሲገዙ የአገዳውን ቁመት ሳይሆን የራይዞሙን ጤንነት ይመልከቱ። ረጅም ነገር ግን አንድ አገዳ ብቻ ካለው ተክል ይልቅ አጠር ያሉ ሦስትና አራት አገዳዎች ያሉት ይመረጣል። ቅጠሉንም ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይገለጻል። ገና ያልጠቆረ አገዳ ያለው ተክል ዝርያው የተሳሳተ ነው ማለት አይደለም፤ ወጣት አገዳ አረንጓዴ መሆኑን ያስታውሱ። ሆኖም ሄኖኒስ የተባለው የዚሁ ዝርያ ዓይነት አገዳው ምንጊዜም አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቀር ስሙን መጠየቅ አይከፋም።

ከሌላ ሰው ግቢ ተከፍሎ የሚመጣ ከሆነ ቀንበጥ ማውጣት ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሁለትና ሦስት አገዳዎች ካሉበት፣ በቂ ራይዞምና ያልተበታተነ አፈር ጋር በስለታም አካፋ ይቆረጥ። ሥሩ ከደረቀ ስለማይመለስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በዚያው ቀን መትከል ይገባል።

ጉድጓዱ ከሥሩ ጥቅል ሁለት እጥፍ የሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከጥቅሉ ጋር እኩል ይሁን። የጥቅሉ አናት ከመሬቱ ጋር እኩል፣ ቢበዛ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። አፈሩን መልሰው በእጅ ጫን ጫን ያድርጉትና ውሃ እስኪጠግብ ያጠጡ። ለመጋረጃነት በመስመር የሚተከል ከሆነ በተክሎች መካከል ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ርቀት ይበቃል።

ውሃ፣ ጉዝጓዝና ማዳበሪያ

በመጀመሪያው ዓመት ዝናብ በማይኖርበት ጊዜ በሳምንት ሁለት ጊዜ በጥልቀት ማጠጣት ያስፈልጋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት የላይኛውን አፈር ብቻ ያረጥባል። ቅጠሉ በርዝመቱ ተጠቅልሎ እንደ ቀጭን ዘንግ ከሆነ ተጠምቷል ማለት ነው፤ በቀትር ሙቀት ተጠቅልሎ ማታ የሚዘረጋ ከሆነ ግን አያሳስብም።

ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጉዝጓዝ ሥሩን ከሙቀትም ከብርድም ይጠብቀዋል። ቀርከሃው የሚያራግፈውን ቅጠል ጠርገው አይጣሉት፤ ቅጠሉ ተክሉ ለአገዳው ጥንካሬ የሚጠቀምበትን ሲሊካ በብዛት ስለያዘ እዚያው ወድቆ ቢበሰብስ ይጠቅማል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቀንበጥ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ አገዳዎቹ ቅጠል ካወጡ በኋላ አንድ ጊዜ መስጠት ይቻላል። አዲስ የተተከለ ተክል ሥር እስኪይዝ ድረስ ማዳበሪያ አያስፈልገውም፤ የተቋቋመውን ደግሞ አብዝቶ መቀለብ መስፋፋቱን ማበረታታት ነው።

የዓመቱ ዋና ሥራ፦ ራይዞም ቁረጣ

ይህ ሥራ የሚሠራው ቀንበጦቹ አድገው ካበቁ በኋላ፣ ራይዞሙ በሚጓዝበት ጊዜ ማብቂያ አካባቢ ነው። ቀድሞ የተሠራ እንደሆነ ከቁረጣው በኋላ ሌላ ጉዞ ይኖራል፤ ከዘገየ ደግሞ ራይዞሙ ስለሚጠነክር ለመቁረጥ ያስቸግራል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚፈትሽ ሰው ግን ይበልጥ ይተማመናል።

ከመከለያው ውስጠኛ ገጽ ጀምሮ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን አፈር በእጅ ወይም በትንሽ መቆፈሪያ ይግለጡ። ግድግዳውን ነክቶ የዞረውን፣ ግድግዳውን ተከትሎ የሚዞረውን፣ ከጠርዙ በላይ ብቅ ያለውን ሁሉ ፈልገው ያግኙ። በወቅቱ የወጣ ራይዞም ነጭ ወደ ቢጫ ያደላ ቀለም ያለው ሲሆን ለመቀስ አያስቸግርም፤ የቆየው ጠንክሮ ስለሚሆን መጋዝ ይፈልጋል። ጫፉን ብቻ ቆርጦ መተው በቂ አይደለም፤ ከኋላ ያሉት ዓይኖች ተነስተው በአንድ ፋንታ ሁለትና ሦስት ሆነው ይጓዛሉ። ስለሆነም ወደ ተክሉ መሃል በተቻለ መጠን ተከትለው ረዘም አድርገው ቆርጠው ያውጡት። ከዚያ አፈሩን መልሱና በመከለያው ውጭ በኩልም አንድ ዙር ይዙሩ፤ በተለይ መጋጠሚያው ባለበት ቦታ በሁለቱም ወገን አካፋ አስገብቶ መሞከር ያስፈልጋል። አካፋው ጠንካራና ተጣጣፊ ነገር ሲነካ በእጅ ይታወቃል።

በጠርዙ ላይ ጉዝጓዝ ወይም የወደቀ ቅጠል ተከምሮ ከሆነ ያንሱት። ራይዞም በዚህ የቅጠል ድልድይ ላይ ከአፈር ሳይወርድ መሻገር ስለሚችል፣ ማምለጥ ከሚቻልባቸው መንገዶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይህ ነው።

በማይፈለግ ቦታ የወጣ ቀንበጥ 30 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ በእግር ገፋ ቢያደርጉት በቀላሉ ይሰበራል። ይህ ግን አገዳውን እንጂ ራይዞሙን አያስወግድም። እንዲያውም ከመከለያው ውጭ የታየ ቀንበጥ ወዲያው ከሚሰበር ይልቅ እንደ ምልክት ቆይቶ፣ ከሥሩ ያለው ራይዞም እስከ መነሻው ተቆፍሮ ቢወጣ ነው የሚጠቅመው።

አገዳዎቹን ማሳሳትና መልክ ማስያዝ

ተክሉ ሦስትና አራት ዓመት ሳይሞላው አገዳ መቁረጥ አይገባም። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ያረጁትንና የቀጠኑትን መቁረጥ ለአዲሶቹ ብርሃን ይሰጣል፤ በአንድ ዓመት ግን ከጠቅላላው ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይቆረጥ። የአገዳውን ዕድሜ በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር፣ በየዓመቱ በአዲሶቹ አገዳዎች ግርጌ ዓመተ ምሕረቱን በማይለቅ ቀለም የሚጽፉ ሰዎች ሥራቸው ይቀላቸዋል። ሲቆርጡ ከመሬት እኩል፣ ሳይሾል ይሁን፤ በአግድም የተቆረጠ የቀርከሃ ጉቶ ጫማ አይበሳም።

ቁመቱን መቀነስ ሲያስፈልግ ከአንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ ከአንጓው ርቆ የቀረው ባዶ ቱቦ ውሃ ይቋጥራልና። የተቆረጠ አገዳ ዳግም አይረዝምም። ጥቁሩ ቀለም እንዲታይ ደግሞ የታችኛውን አንድ ሦስተኛ ቅርንጫፎች ማንሳት ነው። ቅርንጫፉን መጀመሪያ ከሥሩ በኩል በትንሹ ቀድደው ከዚያ ከላይ ሲቆርጡ የአገዳው ቆዳ ሳይላጥ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ቀንበጥ በሚወጣበት ወቅት አካባቢ የቆየ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቢረግፍ ተፈጥሯዊ ነው፤ አዲሱ ቅጠል እየተካው ነው። በሌላ ጊዜ በብዛት ቢጫ ከሆነ የውሃ መተኛትን ወይም የናይትሮጅን እጥረትን ይጠርጥሩ። በቅጠሉ ገጽ ላይ የፈዘዘ ነጠብጣብና ሰረዝ ከታየ፣ በጀርባውም ነጭ ቀጭን ድር ካለ፣ የሸረሪት ዘመድ የሆኑ ጥቃቅን ተባዮች ገብተዋል። ከተስፋፉ በኋላ ማጥፋቱ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው ሲገዙ የቅጠሉን ጀርባ ማየት የተመከረው። ገና መታየት ሲጀምሩ በኃይለኛ ውሃ ማጠብ ይረዳል።

አበባ ማውጣቱ እጅግ ብርቅ ነው፤ ሄኖኒስ የሚያብበው በ120 ዓመት አንድ ጊዜ እንደሆነ ይታወቃል። ያበበ ቀርከሃ ብዙውን ጊዜ ይዳከማል ወይም ይደርቃል።

ያመለጠ ቀርከሃ

ከመከለያው አልፎ የሄደ ራይዞም ገና አንድ ዓመቱ ከሆነ አፈሩን አርጥበው በዶማ እያነሱ መስመሩን ተከትለው ማውጣት ይቻላል። ብዙ ዓመት የቆየ ከሆነ ግን ማስራብ ይሻላል። መጀመሪያ ከተክሉ ጋር የሚያገናኘውን ራይዞም ይቁረጡ፤ ከዚያ ያመለጠውን ክፍል አገዳዎች ሁሉ ከመሬት እኩል ይቁረጡ። የሚወጡት ቀንበጦች ስንቃቸውን አውጥተው እስኪረዝሙ ይጠብቁና ቅጠል ከመዘርጋታቸው በፊት ይቁረጧቸው። ቅጠል ካልተዘረጋ ራይዞሙ ያወጣውን ስንቅ አይተካም። ይህ ተከታታይ ቁረጣ ሁለትና ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ በመሃል አንድ ወቅት ከታለፈ ግን ተክሉ ያጣውን ጉልበት መልሶ ያከማቻል።

የወጣውን ራይዞም ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩ፣ በግቢ ዳርም አይጣሉት። በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ንጣፍ ላይ በፀሐይ ዘርግተው፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ ያድርቁት።